ኖቤሉን ያገኘው በሎሚ አይደለም፦ የኦቶ ዋርበርግ ታሪክ

ይሄን ፖስት ሳታገኙት አልቀራችሁም። የአንድ ጀርመናዊ ሳይንቲስት ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ከሥሩ ደግሞ ሰውዬው በ1931 የካንሰርን መነሻ አግኝቶ ኖቤል እንደተሸለመ፣ መድኃኒት አምራቾች ግን ግኝቱን እንደቀበሩት፣ መፍትሔውም ሎሚ በቤኪንግ ሶዳ መጠጣት እንደሆነ የሚተርክ ረጅም ጽሑፍ። ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር ዓመታት አስቆጥሯል።

ሰውዬው እውነተኛ ነው። ኦቶ ዋርበርግ ይባላል። ኖቤል ማግኘቱም እውነት ነው፣ ዓመቱም ልክ ነው። የተሸለመበት ሥራ ግን ፖስቱ የሚለው አይደለም። እሱ የተሸለመው፣ አሁን ይሄን እያነበባችሁ የምትተነፍሱትን ኦክስጅን ሴላችሁ ውስጥ ማን እንደሚቀበለው ስላሳየ ነው። መልሱ ብረት ነው። አዎ፣ ያው ሚስማር የሚሠራበት ብረት። ለኔ ከሎሚው ወሬ ይሄኛው መቶ እጥፍ ይገርማል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋርበርግ ኦክቶበር 8 ቀን 1883 ደቡብ ጀርመን ውስጥ ፍራይቡርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤሚል ዋርበርግ የታወቀ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር፤ ስመ ጥር ከሆነ የአይሁድ ቤተሰብ የተገኘ፣ በኋላ ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው። እናቱ አይሁዳዊት አልነበረችም። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ ቆይቶ ይመጣል። አልበርት አንስታይን የአባትየው ወዳጅ ነበር። ልጁ በምን ዓይነት ቤት እንዳደገ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ኬሚስትሪ የተማረው በርሊን፣ ኤሚል ፊሸር ዘንድ ነው። ፊሸር በ1902 ኖቤል የወሰደ፣ በዘመኑ ከሱ የሚበልጥ የለም የሚባል ኬሚስት ነበር። ዋርበርግ በ1906 ዶክትሬቱን ያዘ። እዚያ አላበቃም፤ ሃይደልበርግ ሄዶ ሕክምና ተማረና በ1911 ሁለተኛ ዶክትሬት ጨመረ። ገና ወጣት ሳለ ካንሰርን የማሸነፍ ሕልም ነበረው። ግን ካንሰርን በቀጥታ ከመንካቱ በፊት ሌላ ጥያቄ ያዘው፦ ሕይወት ያለው ነገር እንዴት ነው የሚተነፍሰው? በአፍንጫና በሳንባ ማለቱ አይደለም፤ አንዷ ሴል ራሷ ኦክስጅኑን ምን ታደርገዋለች?

ለዚህ ወደ ጣሊያን፣ ኔፕልስ ወረደ። እዚያ ባሕር ውስጥ ጃርት የሚመስል ክብ እሾኻም ፍጥረት አለ፤ እንቁላሉን በብዛት ይጥላል፣ ለሙከራ ምቹ ነው። ዋርበርግ በ1908 እንቁላሉ ከመዳቀሉ በፊትና በኋላ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚጠቀም ለካ። ከተዳቀለ በኋላ እስከ ስድስት እጥፍ ጨመረ። ቆይቶም እንቁላሎቹ ውስጥ ጥቂት ብረት እንዳለ፣ የብረት ጨው ሲጨመርባቸው ደግሞ የኦክስጅን አጠቃቀማቸው እንደሚያድግ አየ። በተቃራኒው እጅግ ትንሽ ሳያናይድ ሲገባ አተነፋፈሱ ቀጥ ይላል። ሳያናይድ ደግሞ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ መርዝ ነው። እዚህ ላይ ነው ጥርጣሬው የተጸነሰው።

በ1914 ጦርነቱ ፈነዳ። ዋርበርግ የፕሩሺያ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ገብቶ ግንባር ዘመተ፣ ቆሰለ፣ "የብረት መስቀል" የሚባለውንም ኒሻን አገኘ። (ብረት ይሄን ሰውዬ አይለቀውም።) አራት ዓመት ሙሉ ላቦራቶሪ የለም፣ ሙከራ የለም። በ1918 ጀርመን መሸነፏ እየታየ ሲመጣ ወዳጆቹ አንስታይንን ለመኑትና አንስታይን ደብዳቤ ጻፈለት። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ግንባር ላይ አንተ የቆምክበት ቦታ ሌላ ማንም ሊቆምበት ይችላል፣ የአንተ ዓይነት ጭንቅላት ግን በየቦታው አይገኝም፣ ተመለስ የሚል ነበር። ተመለሰም። ያ ደብዳቤ ባይጻፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ ያስፈራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ትንሽ ኬሚስትሪ አለው፣ ግን አይዟችሁ።

ስኳር ጠረጴዛ ላይ ብትተዉት አየር እየነካው ዓመት ይቀመጣል፣ ምንም አይሆንም። ያው ስኳር ሰውነታችሁ ውስጥ ሲገባ ግን በ37 ዲግሪ፣ ያለ ክብሪት፣ ያለ ጭስ፣ "ይቃጠላል"፤ መጨረሻው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እንዴት? ኦክስጅን ብቻውን ሲታይ ሰነፍ ነው፤ ሙቀት ወይም ቀስቃሽ ይፈልጋል። ብረት ቀስቃሽ ነው፤ ለኦክስጅን ኤሌክትሮን ሊሰጥና መልሶ ሊቀበል ይችላል። ችግሩ፣ ብረት ልቅ ሲሆን ባለጌ ነው። ሰውነት ውስጥ ልቅ ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ከተገናኘ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ነገር ይወልዳል፤ ዘረመል አይል፣ ፕሮቲን አይል፣ የሴል ግድግዳ አይል። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው፦ ኦክስጅንን የሚቀሰቅሰው ብረት ነው ወይ? ከሆነስ እንዴት ነው የሚፈለገውን ብቻ እየሠራ ሌላውን የማይነካው?

ዋርበርግ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ሙከራ ደስ ይላል፣ ምክንያቱም ዋናው ዕቃ ከሰል ነው። ከደም የተሠራ ከሰል ወስዶ አሚኖ አሲድ ጨመረበት። አሚኖ አሲዱ ያለ እሳት ከኦክስጅን ጋር ተዋሃደ! ከንጹሕ ስኳር የተሠራ፣ ብረት የሌለበት ከሰል ግን ይሄን ሥራ አይሠራም። ሳያናይድ ደግሞ የደሙን ከሰል ልክ እንደ ሕያው ሴል ያደነዝዘዋል። አንድ ጥቁር ዱቄት፣ ሕይወት የሌለው ነገር፣ መተንፈስን መሰለ።

ተቃዋሚ አላጣም። ሃይንሪሽ ቪላንድ የሚባል ሌላ ትልቅ ጀርመናዊ ኬሚስት፣ ዋናው ነገር ኦክስጅንን መቀስቀስ ሳይሆን ከምግቡ ሃይድሮጅንን መንጠቅ ነው ብሎ ተሟገተ። ሁለቱ ለዓመታት ተናከሱ። በኋላ ሲታይ ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ አንዱ የሰንሰለቱን ጫፍ፣ ሌላው መነሻውን ይዞ ነበር የሚጎትተው።

ዋርበርግን ግን የቸገረው ሌላ ነው። ኢንዛይሙን ነጥሎ ማውጣት አልቻለም። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፣ ከሴሉ ክፍሎች ጋርም ተጣብቋል። በእጅ ያልተያዘን ነገር ማንነት እንዴት ታውቃለህ?

መልሱ የመጣው ከመርዝና ከብርሃን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ሀገር ክፍል ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ሰው ተኝቶ እንዲቀር የሚያደርገው ሽታ አልባ ጋዝ ነው። ደማችን ውስጥ ያለውን የሄሞግሎቢን ብረት ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። እንግሊዝ ውስጥ ሃልዴን የሚባል ሳይንቲስት ቀደም ብሎ በ1890ዎቹ፣ ብርሃን ሲበራበት ይሄ ጋዝ ከሄሞግሎቢን እንደሚላቀቅ አሳይቶ ነበር። ዋርበርግ በ1926 ያንን ነገር እርሾ ላይ ሞከረው። እርሾው ጨለማ ውስጥ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲሆን አተነፋፈሱ ይወርዳል። መብራት ሲበራ ተመልሶ ይተነፍሳል። ሲጠፋ ይወርዳል። ሲበራ ይነሳል።

ቀጥሎ ያደረገው ነው የጭንቅላቱን ስፋት የሚያሳየው። ከረዳቱ ኤርቪን ኔገላይን ጋር ሆኖ ብርሃኑን በየቀለሙ ለየው። ሰማያዊ ምን ያህል ያስተነፍሳል? አረንጓዴስ? ቢጫስ? ብርሃን ጋዙን የሚያላቅቀው ኢንዛይሙ ራሱ ያንን ቀለም ሲውጥ ብቻ ስለሆነ፣ የትኛው ቀለም በደንብ እንደሚሠራ ስትመዘግብ የማታየውን ኢንዛይም መልክ እየሳልክ ነው። በ1928 አካባቢ ሥዕሉ አለቀ። ሰማያዊው ጫፍ ላይ፣ 430 ናኖሜትር አካባቢ፣ ትልቅ ጉብታ ወጣ። ይሄ የ"ሄም" አሻራ ነው፤ ሄም ማለት ደምን ቀይ የሚያደርገው፣ መሐሉ ላይ አንድ የብረት አቶም የተቀመጠበት ጠፍጣፋ ቀለበት ነው። ሰውን ሳታይ ከጥላው ለይቶ ማወቅ በሉት። በ1931 ስቶክሆልም የጠራው ለዚህ ነው። ሎሚ የለም፣ ሶዳ የለም።

ግን ቆይ፣ ሄሞግሎቢንም ሄም ነው፣ የዋርበርግ ኢንዛይምም ሄም ነው። ታዲያ ለምን አንዱ ኦክስጅንን ተሸክሞ ብቻ ይመልሳል፣ ሌላው ይበላዋል? ሁለተኛው ጥያቄ ይሄ ነው። ዋርበርግ በሩን ከፈተ፣ ሌሎች ገቡበት። ምሥጢሩ ያለው ብረቱ ውስጥ ሳይሆን ብረቱ በተቀመጠበት ቤት ነው። ቤቱ ፕሮቲን ነው። ሄሞግሎቢን ውስጥ ኪሱ የተሠራው ኦክስጅን ገብቶ እንዲቀመጥና ሳይነካ እንዲወጣ ነው። ሳይቶክሮም ሲ የሚባለው ፕሮቲን ውስጥ ደግሞ ብረቱ በሁለቱም ጎን ተዘግቷል፤ ኦክስጅን የሚገባበት ቀዳዳ የለም፣ ስለዚህ እሱ ኤሌክትሮን ብቻ ያቀብላል፣ እንደ ሽቦ። የዋርበርግ ኢንዛይም ውስጥ ግን ከብረቱ አጠገብ መዳብ ተቀምጧል፤ ኦክስጅኑ በሁለቱ መሐል ተይዞ አራት ኤሌክትሮን እስኪሞላለት አይለቀቅም። በግማሽ ቢለቀቅ መርዝ ይሆን ነበር። አራቱ ሲሞሉ የሚወጣው ውሃ ነው።

ይሄን ሽቦ፣ ማለትም ሳይቶክሮምን፣ በ1925 ካምብሪጅ ላይ ያገኘው ከፖላንድ ቤተሰብ የተወለደው ዴቪድ ኬይሊን ነው። ዋርበርግ ደስ አላለውም። ለዓመታት የኬይሊንን ሥራ እንደ ትርፍ ነገር ቆጠረው። ኬይሊን ግን ትሑትና ታጋሽ ሰው ነበር፤ የዋርበርግ ኢንዛይም የሰንሰለቱ የመጨረሻ ቀለበት እንደሆነ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከባልደረባው ከሃርትሪ ጋር አሳየ። ዛሬ "ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ" ነው የምንለው፤ ስሙ የኬይሊን ወገን ነው።

ዋርበርግ በባሕሪው እንዲህ ነበር። በእጁ ሥራ የሚስተካከለው የለም፣ ከሰው ጋር ግን አስቸጋሪ። የራሱን መለኪያ ዕቃ ፈጠረ፣ ዓለም ሁሉ ላቦራቶሪ ውስጥ "የዋርበርግ ዕቃ" እያለ ለአሥርት ዓመታት ተጠቀመበት። በየማለዳው ፈረስ ይጋልባል። አላገባም፤ ያኮብ ሃይስ ከሚባል ሰው ጋር ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቤት ኖረ። ዕፅዋት ብርሃንን ስንት በስንት እንደሚጠቀሙ በተነሳው ክርክር የራሱ ተማሪ የነበረው አሜሪካዊው ኤመርሰን ሲረታው እንኳ እስኪሞት እጅ አልሰጠም። ያም ሆኖ ከሱ ዘንድ ያለፉ ሰዎች ዝርዝር ያስደነግጣል፦ ሃንስ ክሬብስ፣ ኦቶ ማየርሆፍ፣ ሁጎ ቴዎሬል፣ ሦስቱም ኖቤል አገኙ።

ያዙልኝ ያልኩት ነገር አሁን መጣ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። አባቱ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። ክሬብስ ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ይሠራ ነበር፣ ወዲያው ተባረረ፣ እንግሊዝ ገባ። በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎችም ሄዱ። ዋርበርግ ግን አልሄደም። ከሁለት ዓመት በፊት በአሜሪካው ሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ በርሊን ዳሌም ውስጥ ያማረ ተቋም ተሠርቶለት ነበር፣ እሱን ትቶ መውጣት አልፈለገም። በ1941 ከሥራው አባረሩት። ብዙም ሳይቆይ ግን መለሱት፣ ካንሰር ላይ እንዲሠራ በሚል። ጣልቃ ገብቶ ያስመለሰው በሂትለር ጽሕፈት ቤት ትልቅ ሹም የነበረው ቪክቶር ብራክ ነው። ይሄ ሰው አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ሕሙማንን የገደለውን ዘመቻ ካደራጁት አንዱ ሲሆን በ1948 ተሰቅሏል። የሂትለር እናት በ1907 በጡት ካንሰር ነው የሞተችው፤ ሂትለርም በሽታውን ስለሚፈራ ነው ዋርበርግን የተወው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ወገኖቹ እየታደኑ እሱ ማይክሮስኮፕ ሥር ተቀምጦ ቀረ። ድፍረት ነው? ራስ ወዳድነት ነው? ከጦርነቱ በኋላ ከጀርመን ውጭ ያሉ ብዙ ባልደረቦቹ ይሄን በቀላሉ አላለፉትም። እኔም አልፈዋለሁ ለማለት ይከብደኛል፤ ከሥራው በላይ የሚወደው ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

አሁን ካንሰሩ። ፖስቱ ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። ዋርበርግ በ1920ዎቹ ዕጢዎችን በስሱ ቆርጦ ሲለካ፣ ኦክስጅን እያላቸውም ስኳርን በብዛት ወደ ላክቲክ አሲድ እንደሚቀይሩ አገኘ። ይሄ ትልቅ ግኝት ነው፣ ዛሬም ስሙን ይዞ አለ። ሆስፒታል ውስጥ ፔት ስካን የሚባለው ምርመራ በዚሁ ላይ ነው የሚሠራው፤ ጨረር የሚሰጥ ስኳር መሰል ነገር ይወጋና ዕጢው በብዛት ሲስበው በምስሉ ላይ ያበራል። ስህተቱ የጀመረው ዋርበርግ ከዚህ ተነስቶ የካንሰር ዋና መነሻ የተበላሸ የሴል አተነፋፈስ ነው ብሎ ሲደመድም ነው። በ1966 ሊንዳው ከተማ ኖቤል ተሸላሚዎች ፊት ንግግር ሲያደርግም ያንኑ አጸና። ዛሬ ግን ብዙ የካንሰር ሴሎች የሚተነፍሱበት አካል ደህና እንደሚሠራ፣ መነሻው በዋናነት የዘረመል ለውጥ እንደሆነ ይታወቃል። የሎሚውን ነገር ደግሞ እንተወው፤ ደማችን የአሲድ ልኩን ከ7.35 እስከ 7.45 ባለ ጠባብ መስመር ላይ በሳንባና በኩላሊት አጥብቆ ይጠብቃል፣ የጠጣችሁት ሎሚ ከዚያ አያወጣውም። ሕክምናውን ትቶ ሶዳ የሚጠጣ ሰው ካለ ግን የሚያልፈው ጊዜ አይመለስም።

ከዋርበርግ ሥራ በቀጥታ ወደኛ ቤት የሚመጣ መስመር አለ። ጉበታችን ውስጥ ፒ450 የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ፤ እነሱም ባለ ሄም ብረት ናቸው። ሥራቸው መድኃኒትን መቀየር ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኢስታብሩክና ባልደረቦቹ ይሄንን ሥራቸውን ያረጋገጡት በዋርበርግ ዘዴ ነው፦ በካርቦን ሞኖክሳይድ ማፈን፣ በብርሃን መልቀቅ፣ ቀለሙን መመዝገብ።

የእነዚህ ምርጫ ይገርማል። ኮዴይንን እንውሰድ፣ የሕመም ማስታገሻውንና የሳል መድኃኒቱን። 2ዲ6 የሚባለው ኢንዛይም ከኮዴይን አንድ ጫፍ ላይ፣ ኦክስጅን ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ የካርቦን ቁራጭ ያነሳና ሞርፊን ያደርገዋል። 3ኤ4 የሚባለው ደግሞ ያንኑ ኮዴይን ይዞ ሌላ ቦታ፣ ናይትሮጅን ላይ ያለችውን ያነሳል፤ የሚወጣው ሞርፊን አይደለም። ብረቱ አንድ፣ ቀለበቱ አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ። የሚለየው ኪሱ ብቻ ነው፤ ኮዴይኑ ኪሱ ውስጥ ሲተኛ የትኛው ጫፉ ወደ ብረቱ እንደዞረ።

በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የ2ዲ6 ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። ይሄ ከአውሮፓውያን ጋር ሲነጻጸር በጣም ከፍተኛ ነው። ተጨማሪ ቅጂ ማለት ተጨማሪ ኢንዛይም፣ ማለትም ኮዴይን በፍጥነትና በብዛት ሞርፊን ይሆናል ማለት ነው፤ ሞርፊን ሲበዛ ደግሞ አተነፋፈስን ያዳክማል፣ በተለይ ሕፃናት ላይ። የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2015 ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች ያገደው በዚህ ምክንያት ነው። ከውጭ ሀገር ዘመድ የሚልከው የሳል ሽሮፕ ሲመጣ ልጅ ከመውሰዱ በፊት ጽሑፉን ማንበብ ወይ ፋርማሲስት መጠየቅ አይከፋም።

ዋርበርግን እንጨርሰው። በጦርነቱ መሐል፣ በ1943፣ በቦምቡ ምክንያት ተቋሙን ከበርሊን ውጭ ወደ አንድ የገጠር ርስት አዛወረ። በ1945 ሶቪየቶች ሲገቡ ዕቃውን ጭነው ወሰዱት። በ1950 ዳሌም ላይ እንደገና ከፈተ፣ ዕድሜው 66 ደርሶ ነበር። ጡረታ የሚባል ነገር አልሰማም፤ በ80ዎቹም ላቦራቶሪ ይገባ ነበር። በ1968 ወድቆ የጭኑን አጥንት ሰበረ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። ኦገስት 1 ቀን 1970 በርሊን ውስጥ በ86 ዓመቱ ሞተ። ከናዚ አምልጦ በስደት ኖቤል ያገኘው ተማሪው ክሬብስ የመምህሩን ሕይወት ታሪክ ጻፈለት፤ ክብሩንም ጥፋቱንም ሳይደብቅ። ተቋሙ የነበረበት ሕንፃ ዛሬም ቆሟል፤ የማክስ ፕላንክ ማኅበር ቤተ መዛግብት ሆኗል።